ሰው የሌለበት ወንዝ

ታላቅ ወንድምሽ ትናንት ያመጣውን ሥዕል ቀለሙ በወጉ ሳይደርቅ ነው የሰቀለው። ዛሬ ጠዋት ከመኝታ ቤት ሳልወጣ ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። ተልባ ተልባ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የጥድ ሙጫ የመሰለ ነገር አለበት። እጄ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆሜ ቀረሁ። አንቺ አሞኝ መስሎሽ ሮጠሽ መጣሽ። አላመመኝም። ይህን ሽታ ከልጅነቴ ወዲህ አሽትቼው ስለማላውቅ ነው።

ሥዕሉ ጫካና ወንዝ ነው። «ያምራል አይደል፣ እማዬ?» አለኝ ወንድምሽ። ያምራል። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስቆይበት ደግሞ «ምን ጠፋብሽ? መነጽርሽን ላምጣልሽ?» አለ። መነጽር አልፈለግሁም። ዳር ዳሩን፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ከድንጋዩ ኋላ ሰው እየፈለግሁ ነበር። ይህን ብነግረው ይስቅብኛል ብዬ ዝም አልኩ። ለአንቺ ልንገርሽ። መስኮቱን ግን ዝጊው፤ የበጋ ብርድ አይታወቅም፣ ደረት ላይ ነው የሚገባው።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ነበርን። ከተማውን ጣልያን ይዞታል፤ ገጠሩ የአርበኛ ነው። ቀን ቀን የጣልያን መኪና በደጀን መንገድ ሲያጓራ እንሰማለን። ተኩስ ሲሰማ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ ያዳምጣል። እኔ ነጠላ በወጉ መልበስ ገና የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ነበሩ የምልሽ፣ ጣልያን ከመግባቱ በፊት ሞራ ዓይናቸውን ስለጋረደው ነው። ፀሐይና ጥላ ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አያዩም። ቀለማቸውን የሚፈጭላቸው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም እሳቸው እየነገሩት እሱ ይሥል ጀመር። በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አብረው የጀመሩትን ሥራ ሳይጨርሱ ጣልያን ገባ፤ ወንድሜም የአጎታችንን ጠመንጃ ይዞ ዱር ገባ። ከዚያ ወዲያ ወሬው አልደረሰንም። ወሬ ማጠያየቅም አይቻልም ነበር። ልጁ ዱር መግባቱ የታወቀበት ሰው ቤቱ ይቃጠላል፣ እሱም ይታሰራል። ለጠየቀን ሁሉ «ለቅኔ ትምህርት አገር አቋርጦ ሄዷል» እንል ነበር።

ስለዚህ በቤታችን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ልጁ አለ ወይስ የለም? ስንበላም ስንተኛም አብሮን ነበር፤ ድምፁን አውጥቶ የሚጠይቀው ግን አልነበረም።

እናቴ ለአንድ የጣልያን የመንገድ ሥራ ሹም ልብስ ታጥብ ነበር። አባቴ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ሌላ የሚያበላን አልነበረም። እንዶድ የለመደ እጇን የእነሱ ሳሙና ልጦት ነበር። እኔ ውኃ አቀብላታለሁ፣ የታጠበውን አሰጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ከሹሙ አጥር ሳንደርስ መንገድ ላይ ታቆመኛለች።

«ወንድምሽ የት ነው ቢሉሽ?»

«ቅኔ ቤት።»

«የት አገር?»

«ሩቅ ነው፣ አላውቀውም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ሲጨርስ።»

«ቀና ብለሽ አትይ። ካልጠሩሽ አትቅረቢ።»

ይህን በየቀኑ እንደ ውዳሴ ማርያም ታስደግመኝ ነበር። እናንተ ከቤት ስትወጡ ወዴት፣ ከማን ጋር፣ መቼ እያልኩ ስጠይቃችሁ «ጨቀጨቅሽን» ትሉኛላችሁ። ከእሷ የወሰድኩት ነው፤ አሁን የሚተወኝ አይመስለኝም።

ሹሙ ሥራ በማይገባበት ቀን በረንዳው ላይ ባለ ሦስት እግር እንጨት አቁሞ፣ ሸራ ወጥሮ ይሥል ነበር። ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ በከንፈሩ እያፏጨ። ያ የተልባ ሽታ ከበረንዳው ወርዶ እስከምናጥብበት ይደርሳል፤ ከሳሙናው ሽታ ጋር ይቀላቀላል። ሥዕሉ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ሄደ። መጀመሪያ ጥቁር አረንጓዴ ብቻ ነበር። ከዚያ ዛፎቹ ተለዩ፤ ከዛፎቹ መካከል ውኃ ወጣ።

አንድ ቀን ሹሙ ምሳውን በልቶ እስኪመለስ ሥዕሉ ብቻውን ቆሞ ነበርና የግቢው ሴቶች ሁሉ ተሰብስበን ቆመንበት። እናቴም እየፈራች መጣች። ወጥ ቤቷ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ጠጋ አለችና አስተርጓሚውን ጠራችው። አስተርጓሚው ከወደ ሰሜን ከጣልያን ጋር የመጣ ልጅ እግር ነው፤ ክፉ አልነበረም።

«አንተ አስተርጓሚ፣ ይኼ የማን ሥዕል ነው?»

«የማንም አይደለም። ወንዝ ነው።»

«ወንዝነቱንማ አየሁ፣ ዓይን አለኝ። ዮርዳኖስ ነው?»

«የአገሩ ወንዝ ነው። ተወልዶ ያደገበት።»

«ቅዱሱስ የታለ?»

«ቅዱስ የለበትም።»

«እሺ ሰውስ?»

«ሰውም የለበትም አልኩሽ!»

«እንዴ! ይኼን የመሰለ ውኃ ጥለው ሰዎቹ የት ሄዱ?»

ውኃ ቀጂዋ እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ከኋላችን ቆማ ነበር። «ሰዎቹማ ሁሉም እዚህ መጥተው የለ!» አለች።

ሳቁ ከግቢው ወጥቶ ሳይሰማ አይቀርም። ሹሙ አፉን እየጠረገ ብቅ አለና ምን እንዳለች ጠየቀ። አስተርጓሚው አንዴ ውኃ ቀጂዋን፣ አንዴ ሹሙን አየና በቋንቋቸው የሆነ ነገር ተናገረ። ሹሙ ደስ ብሎት ለውኃ ቀጂዋ ራሱን ዝቅ አደረገላት። ኋላ አስተርጓሚው ሲነግረን፣ «ይኼን አገር ላየው ተመኘሁ ነው የምትለው» ብሎ ነበር የተረጎመላት። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ከሴቶቹ ጋር ስስቅ ስላየችኝ ክንዴን ቆንጥጣ ወደ ገበቴው መለሰችኝ።

ማታ ይህን ለአባቴ ነገርኳቸው። ስለ ውኃ ቀጂዋ ሲሰሙ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«እስቲ ሥዕሉን ንገሪኝ።»

«ወንዝ ነው፣ አባዬ። ጫካ ውስጥ።»

«እንደሱ አይነገርም። ከላይ ጀምሪ።»

ከላይ ጀመርኩ። ሰማዩ ጠባብ ነው፣ ቅጠል ጋርዶታል አልኳቸው። ዛፎቹ ጥድ ይመስላሉ፣ ጥድ ግን አይደሉም። ውኃው ከድንጋይ ድንጋይ ሲወድቅ እንደሚገነፍል ወተት ይነጣል፤ ዝቅ ሲል ይጠቁራል። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥሩ ተነቅሎ ወንዙ ላይ ተጋድሟል። ከግራ በኩል ብርሃን ገብቶ ድንጋዩ ላይ አርፏል። አባቴ በየመካከሉ «ጎሽ» ይላሉ። «አረንጓዴውን በምን አወጣው?» ይላሉ። እኔ ምን አውቄ።

«አሁን ሰውየውን ንገሪኝ» አሉ።

«ሰው የለበትም፣ አባዬ።»

«ሰው የሌለበት ሥዕል የለም፣ ልጄ። ደህና አድርገሽ እይ።»

በእኛ ቤት ይህ ሕግ ነበር። ሥዕል ማለት የሆነ ሰው የሆነ ነገር ሲያደርግ ነው። ከራሱ ላይ በግዕዝ «ዘከመ» ተብሎ ይጀመርና ማን ምን እንዳደረገ ይጻፋል። ደጉ ሰው ሙሉ ፊቱ ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው ግማሽ ፊቱ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ግድግዳውን አይቶ ለማን እንደሚሰግድ፣ ከማን እንደሚሸሽ ያውቃል። ወንዝ ቢኖር የሚሻገረው ሰው ስላለ ነው፤ ዛፍ ቢኖር የሚያርፍበት ሰው ስላለ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድም ዛፍ ለራሱ ብለው ሥለው አያውቁም።

በሚቀጥለው ጊዜ ልብስ እያሰጣሁ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። እውነትም ነበር። ከውኃው ማዶ፣ ከትልቁ ዛፍ ግርጌ፣ አንዲት ነጭ ነገር። ማታ ሮጬ ነገርኳቸው።

«ምን ታህላለች?»

«የገብስ ፍሬ።»

«ቁም ናት አግድም?»

«ቁም።»

አባቴ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «ነጭ ለብሶ ቆሞ ነዋ! አላልኩሽም? ጎበዝ ሠዓሊ ነው፤ ሰውየውን ጫካው ውስጥ ደብቆ ነው የሣለው።»

«ፊት ግን የለውም።»

«ገና ነው። ዓይንና ፊት መጨረሻ ነው የሚሠራው። እኔም ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበር ዓይን የማስገባው። ጠብቂ፣ ትደርሺበታለሽ።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ይጠይቁኝ ጀመር። መጀመሪያ «ሰውየው አለ?» ነበር የሚሉት። አለ እላለሁ። «ሰውየው ዛሬስ?» አለ። ከዚያ መቼ እንደሆነ ሳይታወቀኝ ቃሉ ተለወጠ። «ልጁ አለ?» አሉ አንድ ማታ። እናቴ ሽሮ ታማስል ነበር። ማማሰያዋ ቆመ። ሽሮው ሲፈነዳ ብቻ ተሰማ።

«አለ» አልኩ።

«ከዛፉ ሥር?»

«ከዛፉ ሥር።»

«ጥሩ ቦታ ነው። ዝናብም አያገኘው፤ ውኃም አጠገቡ ነው።»

አባቴ ከዚያ በኋላ ምግብ ይበላላቸው ጀመር። ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዳንዴ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ብሩሽ እንደያዘ ሁሉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እናቴ ግን ይህን ተስፋ ፈራችው። ተስፋ ሲወድቅ ምን እንደሚሰብር ታውቃለች መሰለኝ። አንድ ቀን አላስችል አላትና ተናገረች።

«ምነው እርስዎ፣ ለአንዲት የቀለም ጠብታ ልብዎን ባይሰጡ?»

«ቀለም ነው ካልሽማ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሣልኩት ፊት ለምን አሰገድኩሽ?»

«የእርስዎ ሌላ ነው። ያ የጣልያን ነው።»

«ሠዓሊ ሠዓሊ ነው። እጁ ያየውን እሱ ላያውቀው ይችላል።»

እናቴ ወደ ውጭ ወጥታ የሌለ እንጨት ስትሰበስብ ቆየች።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ትንሽ እንደቆየ አንድ የጨው ነጋዴ ግቢያችን ገባ። ሙስሊም ነው፤ ከገበያ ገበያ ስለሚዞር እስከ ቁይ ገበያና እስከ አባይ በረሃ አፋፍ ይደርሳል። እናቴ ጨው ከእሱ ነበር የምትገዛው። ያን ቀን ጨውን ሰፍሮ በነጠላዋ ጫፍ ላይ ካፈሰሰላት በኋላ አልሄደም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። የነገራት የወንድሜን ሞት ነው። በረሃው አፋፍ ላይ በጥይት ተመትቶ፣ ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውታል። እኔ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ ያየሁት የእናቴ እጅ ሲላላ፣ ጨው ከነጠላዋ ጫፍ እየፈሰሰ መሬት ላይ ሲበተን፣ እሷም ሳታነሣው ስትቆም ነው። እናቴ አንዲት ቅንጣት ጨው ወድቃ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም።

መርዶ ወግ አለው፣ ልጄ። ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ይመጣል። ግራና ቀኝ ይይዙሻል፤ ስትወድቂ የሚደግፍሽ፣ ስትጮሂ አብሮሽ የሚጮህ አለ። እናቴ መርዶዋን ቆማ፣ ጨው ስትገዛ ነው የሰማችው። መጮህም አልተፈቀደላትም። ከአጥራችን ወዲያ ለጣልያን ወሬ የሚያቀብል ሰው እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሞተ ልጅ ካለ የሞተበት ምክንያት ይጠየቃል። አባቴ ቢሰሙ ደግሞ ድምፃቸውን አይችሉትም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ ለሙት ማልቀስ ለእሳቸው እንደ ጸሎት ነው። ነጋዴው ጎንበስ ብሎ ጨውን ከመሬት እያፈሰ፣ «አይዞሽ እናቴ፣ ይኼኛው ቆሽሿል፤ ሌላ ልስፈርልሽ» አላት፣ ጮክ ብሎ፣ ጎረቤት እንዲሰማው። አዲስ ሰፈረላትና ሄደ።

በማግሥቱ ልብስ ልናጥብ ሄድን። ያን ቀን ሹሙ በረንዳው ላይ ነበር። በትንሽ ስለት ሥዕሉን ፋቅ ፋቅ አደረገ፣ በጨርቅ ጠረገው፤ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ ቀባበት። እያፏጨ ነበር። ዞር ሲል አየሁ። ከዛፉ ሥር ምንም አልነበረም። አስተርጓሚውን ጠየቅሁት፤ ሹሙን የምፈራውን ያህል እሱን አልፈራውም ነበር።

«እዚያ ያለው ሰው የት ሄደ?»

«የቱ ሰው?»

«ነጩ። ከዛፉ ሥር።»

«ኧረ እሱ ጠብታ ነው! ከብሩሹ ተንጠባጥቦበት ነው። ዛሬ ገና አይቶት አጠፋው።»

ወደ እናቴ ሮጬ፣ «እማዬ፣ ሰውየውን አጠፋው! ለአባዬ ምን ልበላቸው?» አልኳት። እናቴ የሹሙን ሸሚዝ እየጨመቀች ነበር። ውኃው ወጥቶ ካለቀ በኋላም መጭመቋን አላቆመችም።

«አለ በያቸው» አለች።

«የለም እኮ፣ እማዬ።»

«አለ በያቸው አልኩሽ።»

እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም ነበር። ቁጣ አይደለም። ልጅ ሆኜ ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን እሺ አልኩ።

«ልጁ አለ?» ይላሉ አባቴ ማታ። «አለ» እላለሁ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን እሳት ትቆሰቁሳለች። እሷ ሹሙ ግቢ ስታጥብ ትውላለች፤ ማታ ሌማቱ ሲቀርብ አጠገባችን ትቀመጣለች። እጇ ግን እንጀራ አይቆርስም። «ቅድም ቀምሻለሁ፣ ጾም አይደል» ትላለች።

አንድ ማታ አባቴ ከወትሮው ረዘም አድርገው ጠየቁኝ።

«ሥዕሉ አላለቀም?»

«ሊያልቅ ነው።»

«ልጁስ? ፊት አልሠራለትም?»

ደስ እንዲላቸው ፈለግሁ። ሲስቁ ልሰማ ፈለግሁ። «ሠራለት፣ አባዬ» አልኩ። «ሙሉ ፊት ነው። ሁለት ዓይን አለው።»

«ሁለት ዓይን።»

«አዎ። ወደ እኛ ነው የሚያየው።»

እሳቱ ተንጣጣ። «እሱ ግን» አሉ ቀስ ብለው፣ «አሁንም የገብስ ፍሬ ያህል ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ደህና» አሉ። ጋቢያቸውን ሳቡና ግድግዳውን ተደገፉ። ከዚያ ማታ በኋላ ስለ ሥዕሉ አንድም ቀን አልጠየቁኝም።

እኔ ሳድግ ነው የገባኝ። በገብስ ፍሬ ላይ ሁለት ዓይን የሚያወጣ ብሩሽ የለም። ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ የሌለውን አለ እያልኩ የምነግራቸው ለምን እንደሆነ፣ ሚስታቸው እንጀራ የማትቆርሰው ለምን እንደሆነ፣ ማታ ማታ በጨለማቸው ተቀምጠው አንዱን ከአንዱ ገጠሙት። ግን እሷ እንዳያውቁ ስለፈለገች አላወቁም ሆነው ተቀመጡ። እሷ ለእሳቸው ትደብቃለች፣ እሳቸው ለእሷ ይደብቃሉ፤ እኔ በመካከላቸው ሽሮ እበላ ነበር።

ጾሙ ሳይፈታ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት መነኩሲት አረፉ። ዕድሜ ጠግበው፣ በአልጋቸው። ሳይመነኩሱ በፊት አንድ ልጅ ነበራቸው፤ እኔ ሳልወለድ ቆላ ወርዶ በንዳድ የሞተ። ሌላ ዘመድ የላቸውምና ሰፈሩ ነው የወጣላቸው። እናቴ ከሁሉ ቀድማ ሄደች። አባቴ ደጅ ተቀምጠው ጩኸቱን ሲሰሙ ቆዩና፣ «በትሬን አቀብይኝ፤ ለቅሶው ውሰጅኝ» አሉኝ። ከግቢያችን ከወጡ ብዙ ጊዜያቸው ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። የዕጣንና የአቧራ ሽታ ነበር፣ ፀሐዩም የሚያቃጥል። ሴቶቹ ክብ ሠርተዋል፤ በመካከላቸው አልቃሿ ቆማለች፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት፣ ድምፀ መልካም ሴት። ለመነኩሲቷ ጥቂት ካለቀሰች በኋላ ወደ ሟቹ ልጃቸው ዞረች፤ ያ ድሮ ቆላ የቀረው። እንዲህ ስትል አሁንም ይሰማኛል፦

«ጥላ ሳይኖርበት ፀሐይ ወጣበት፣
የናቱ ነጠላ ሳይደርስለት።»

እናቴ ከክቡ ወጥታ መካከል ገባች። ደረቷን መታች። ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ከእሷ የወጣ አይመስልም ነበር። አልቃሿ ግጥሙን ደገመችላት፤ ደግማ ደገመችላት። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው እናቴን ከበቧት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንድም ሰው ሳይነግረኝ፣ እዚያው ቆሜ፣ ወንድሜ እንደሞተ አወቅሁ።

በመንገዱ ዳር ጠመንጃ የያዘ ባንዳ ቆሞ ያይ ነበር። «ለአንዲት አሮጊት ነው ይኼ ሁሉ?» አለ።

አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ ሳይዞሩ መለሱለት። «ደግ ሴት ነበሩ። አንተም ደግ ብትሆን ይለቀስልሃል።»

ባንዳው ምን እንደሚመልስ ሲያስብ አባቴ ከአጠገቤ ጮኹ። «ወይ እኔን! ወይ እኔን!» አሉ፤ በትራቸውን ጥለው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው። ወንዶቹ ያዟቸው። መነኩሲቷን አባቴ ከሰላምታ በቀር በቅጡ አያውቋቸውም ነበር። እናቴ ድምፃቸውን ሰማችና ቆመች። እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ በሰው ራስ ላይ አሻግራ አየቻቸው። ለካ ያውቃሉ። ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ ሁለቱም ለቅሶውን ቀጠሉ፤ እሷ ከሴቶቹ መካከል፣ እሳቸው ከወንዶቹ፤ በቅጡ ለማያውቋቸው መነኩሲት፣ ሬሳው ወጥቶ አፈር እስኪለብስ ድረስ።

የወንድሜን ስም በቤታችን የጠራነው፣ ፍታትና ተስካሩንም ያወጣንለት፣ ጣልያን ከአገር ከወጣ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን ተለቅሶለታል። እኔ ይህን ለማንም ስነግር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ከቀብር ተመልሰን ሳንቀመጥ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ደጁ ተንኳኳ። የጎረቤታችን ሴት ናት፤ በጨርቅ የተሸፈነ ሌማት ይዛለች። «ከለቅሶው ቤት የተረፈ ነው» አለች። እዚያ ሰው ገና እየበላ ነበር፤ ምንም የተረፈ የለም። እሷ ሳትወጣ ሌላዋ ንፍሮ ይዛ መጣች። ቀጥላ ውኃ ቀጂዋ፣ ትኩስ ሽሮ በድስት ይዛ፤ ያን ቀን አልቀለደችም። ለሐዘንተኛ ቤት ጎረቤት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እኛ ቤት ግን ሞት አልተነገረም ነበር። ማንኛቸውም «እግዜር ያጥናችሁ» አላሉም። ምግቡን አስቀመጡ፣ ለአባቴ ጎንበስ አሉ፣ «ደህና ዋሉ» ብለው ወጡ። ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ ቆይቷል ማለት ነው።

አባቴ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሌማቱ ቀረቡ።

«አንች፣ ቅረቢ» አሏት እናቴን።

«እርስዎ ይብሉ። እኔ ቀምሻለሁ።»

«አልቀመስሽም። እሰማ የለም እንዴ?»

እንጀራውን ቆርሰው በሽሮ ጠቀለሉና እጃቸውን ዘረጉ። አያዩምና እጃቸው መጀመሪያ ያረፈው ጉንጯ ላይ ነው። ጉንጯ ርጥብ ነበር። ጣቶቻቸው እዚያው ትንሽ ቆዩ፤ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ቀለም ሳይነካው ደርቆ እንደሆነ ዳሰስ እንደሚያደርግ ሰው። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ታች ወረዱ፤ እናቴም አፏን ከፈተች።